በደኑ ውስጥ የጮኸችው ወፍ

አውቶቡሱ ገና ከአሽዶድ ሰፈራችን ከሮቫ ጊሜል ሳይወጣ እኅቴ አበቡ ወንበር መቀያየሩን ተያያዘችው። መጀመሪያ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠች፤ ፀሐይ መታኝ አለች። ወደ በሩ ሄደች፤ ነፋስ ገባብኝ አለች። በመጨረሻ ተነሥታ ብረቱን ጨብጣ ቆመች።

«እቴ፣ ቁጭ በይ እንጂ፣ ፍሬን ሲይዝ ልትወድቂ ነው።»

«አንተ ቁጭ በል። ደከመኝ የምትለው አንተ ነህ።»

እውነቷን ነው፣ ደክሞኛል። ሌሊቱን ናማሉ፣ ወደቡ ላይ፣ በማልገዛ፣ በዚያች ሹካ ባላት መኪና፣ የመርከብ ጭነት ሳነሣ ሳወርድ ያደርሁ ሰው ነኝ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሬን አንኳኳችና «ውቤ፣ ተነሥ፣ ዛሬ ወፏን ካላገኘናት አለቀልኝ» አለችኝ። ምን ልበላት? ታላቅ እኅት ናት። አርባን ካለፍሁ ቆየሁ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አሁንም ስትጠራኝ እግሬ ቀድሞኝ ይነሣል።

ከጎኔ የተቀመጠችው ኢንባል ናት፣ የአበቡ የልጅ ልጅ። የሠራዊት ግዴታዋን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገባችና ከዓለም ትምህርት ሁሉ መርጣ የአፍሪካን የደን ወፎች ማጥናት ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነግረን «ደመወዝ አለው ወይ?» ብዬ ስቄባት ነበር። አሁን ማሕሼቩን፣ ኮምፒውተሯን፣ ጭኗ ላይ ከፍታ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ወደ ሳቭታዋ፣ ወደ አያቷ፣ ዘርግታ፣ አውቶቡሱ በዞረ ቁጥር አብራ ትዞራለች።

«ሳቭታ፣ ራጋ፣ አንዴ ቆዪ፣ ይችን ስሚ። ይች ቢጫ ናት፣ ራሷ ጥቁር። ትልልቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጥ።»

አበቡ ሰማች። ፊቷ አልተነቃነቀም። «አይደለችም።»

«ይችስ? አረንጓዴ ርግብ ናት፣ የባምባ ፍሬ ትበላለች።»

«ይች ታንጎራጉራለች። የኔዋ አታንጎራጉርም።»

«እሺ፣ ይችስ? ንብ በል ናት፣ ቀይ ጉሮሮ ያላት፣ ወንዝ ዳር ገደል ትበሳለች።»

«ኧረ ልጄ፣ ይች ጫጩት የጠፋባት ዶሮ ናት!»

ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ብሎ አየን። ምን ይበል? አንዲት አሮጊት አውቶቡስ ውስጥ ቆማ የማይታይ ወፍ ስትሰድብ።

ነገሩን ልንገራችሁ። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ወር፣ ከወገራ ተነሥተን በእግራችን ወደ ሱዳን ስናቀና እኔ የአህያ ጭራ ይዤ የምከተል ልጅ ነበርሁ። አበቡ አራስ ነበረች። ትልቋን ልጇን፣ የኢንባልን እናት፣ በእጇ ይዛ፣ ጨቅላዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ትመጣለች። ቀን ደን ውስጥ እንደበቃለን፣ ሌሊት እንጓዛለን። የቆላው ሙቀት ሲጀምር ጨቅላዋን አተኮሳት። ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ዛፉ በጨለማ በማይለይበት ደን ውስጥ፣ አረፈች።

በኛ ሕግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው አይቀላቀልም። ለብቻው ይቀመጣል፣ ለብቻው ይበላል፣ ቄሱ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን አመድ የተበጠበጠበት ውኃ ይረጩታል፣ ከዚያ ታጥቦ ይመለሳል። አገር ቤት ይህ ቀላል ነበር። ሽፍታው በአንድ በኩል፣ የመንግሥት ወታደር በሌላ በኩል እያለ ማን ይጠብቃል? ፀሐይ ሳትወጣ ከዚያ ቦታ መራቅ ነበረብን። ከሌላ መንደር መጥቶ የተቀላቀለን አንድ ጎልማሳ «እኔ እቀብራለሁ፣ እናንተ ሂዱ» አለና ሬሳዋን ተቀብሎ ቀረ። ማን እንደሆነ ያወቀ የለም። ጨለማ ነው፣ ሰው ሁሉ ተሸፋፍኗል፣ ስም መጠራራትም ተከልክሏል። ሴቶቹ አበቡን እጇን ሳይነኩ በነጠላዋ ጫፍ ይዘው ጎተቷት።

ጥቂት ራቅ እንዳልን ከደኑ ውስጥ ወፍ ጮኸች። ሁለት ረጅም፣ ከዚያ ወደ ታች የምትወርድ አንዲት አጭር። አበቡ ቆመች። «ምንድን ነው?» አለች። አማቷ «ወፍ ናት፣ ምን ትሆናለች፣ ሂጂ!» አለቻት። አበቡ ሄደች። ከልጇ መቃብር የያዘችው ያችን ድምፅ ብቻ ነው። ዛፉን አላየች፣ ድንጋይ አላኖረች፣ የተሻገርነው ወንዝ ሽንፋ ይሁን ጓንግ እንኳ አናውቅም፤ መሪዎቻችን የወታደር ወሬ በሰሙ ቁጥር መንገድ ይቀይሩ ነበርና። እኔ ወፏን አላስታውስም። «አጠገቤ ነበርህ እኮ!» እያለች ሠላሳ አምስት ዓመት ወቅሳኛለች።

ይህ ከመሆኑ ዓመት ቀደም ብሎ ባሏ ኤልአዛር ሞተና እዚሁ አሽዶድ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ አበቡን ቤት አልያዛትም። ማለዳ እኔ ዘንድ፣ ቀትር ላይ ልጇ ዘንድ፣ ማታ መንገድ ላይ ናት። «እሱ ድንጋይ አለው፣ ልጁ የትም ወድቃለች። አፈሯን አምጥቼ እግሩ ሥር ካላደረግሁ እንቅልፍ የለኝም» ትላለች። እውነትም አትተኛም። ዓይኗ ጎድጉዷል። ሆዴን የምትበላው እሷ ናት፣ በየቀኑ የምንጨቃጨቀውም ከሷ ጋር ነው።

እንግዲህ እሱ በሞተ በዓመቱ፣ በኅዳር፣ ኮሮና የሚባለው ጉድ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀረው፣ በመንገድ ለሞቱት ወገኖች መታሰቢያ የሚያቆም ሚሽላሃት፣ የልዑካን ቡድን፣ ወደ ጎንደር ሊሄድ ተሰናዳ፤ ከሚሄዱት ሰዎች መካከል እኔና አበቡ አለንበት። የጉዞው መሪ ጊድዖን ነው፣ በሠራዊቱ እስከ ሳጋን አሉፍ ማዕረግ የወጣ፣ አሁንም ሲናገር ወታደር የሚያሰልፍ የሚመስል። «ውቤ፣ ለናንተ አንድ መኪና፣ አንድ ቀን እሰጣችኋለሁ። ሁለቱ ወንዞች ይራራቃሉ። ሽንፋ ወይም ጓንግ፣ ፈቃዱ በአንዱ ስም ነው የሚወጣ። ዛሬ ሳይመሽ ንገረኝ» አለኝ። በረራው በማግሥቱ ነው።

ኢንባል ደግሞ ዘዴ አለኝ ባይ ናት። «ወፏን ካወቅን ደኑን እናውቃለን። ውኃ ዳር ጥቅጥቅ ያለ ደን የምትወድ ከሆነች ሽንፋ ነው። ደረቅ አገርና ግራር የምትወድ ከሆነች ጓንግ ነው።» ሲሰሙት ያምራል። ችግሩ ያ ቆላ የወፍ አገር ነው። ይች ልጅ ድምፅ ስታሰማ ወራት አለፉ፣ አበቡም «አይደለችም» ስትል ወራት አለፉ። የቀራት ተስፋ የሮቫ ዳሌት ሽማግሎች ናቸው፤ በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል።

የሽማግሎቹ ሞአዶን፣ መሰብሰቢያ ክበባቸው፣ ያለው ሚክላት ውስጥ ነው። ሮኬት ሲመጣ መደበቂያ፣ ሳይመጣ ካርታና ወሬ። ደጃፉ ላይ አንድ ስድሳ ያለፈው ሰው ግንቡን ተደግፎ ለብቻው ተቀምጧል። «ሻሎም» ስንለው ራሱን ዝቅ አድርጎ መለሰልንና ልብሳችን እንዳይነካው ይመስል እግሩን ሰበሰበ። ውስጥ ገብቼ ስጠይቅ «ወንዳለ ይባላል። ሮቫ ሄ ዘመዱ ዘንድ በቅርብ ከሐይፋ የመጣ ነው። ሰው አይቀርብም፣ ተወው» አሉኝ።

ኢንባል ድምፅ ማጉያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እናቶች፣ አባቶች፣ እነዚህ ከጎንደር ቆላ የተቀዱ ወፎች ናቸው። የምታውቁትን ንገሩኝ፣ በቫቃሻ፣ እባካችሁ።»

የመጀመሪያዋ ስትንጫጫ ከወልቃይት የመጡት እማማ አገሬ ከወንበራቸው ተነሡ። «እዚኣስ ዛግራ እያ!»

«ጅግራ ማለታቸው ነው» አለ አንዱ።

«ጅግራ አይደለችም፣ ቆቅ ናት!»

«አንተ ደግሞ ቆቅ የት ታውቃለህ?»

«ወጥመድ ስዘረጋ ነው ያደግሁት! አንተ ከተማ ለከተማ ስትዞር!»

ካርታው ተረሳ። ቀጥሎ ኳ ኳ ኳ ሲል ቤቱ ሁሉ በአንድ አፍ «ግንደ ቆርቁር!» አለ፣ እንደ ክፍል ተማሪ። ማር መሪዋ ስትመጣ አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ይዞ ተነሣና ወፏ ከፊቱ የምትበር ይመስል በጣቱ እየተከተለ «ይችማ ታውቀኛለች! ስንት ቀፎ አሳይታኛለች!» አለ። የእርኩም ድምፅ ሲያጓራ ደግሞ ዝም ተባለ። አንዲት ሴት ጆሯቸውን ይዘው «አጥፊልኝ ልጄ፣ እሱን በረሃ ላይ የሰማሁት ይበቃኛል» አሏት። ኢንባልም ወዲያው አጠፋችው።

ከዚያ ምንቃሯ ትልቅ የሆነ አንዲት ወፍ በሥዕል አሳየቻቸው። «ይች እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች፤ በሩን በጭቃ ይደፍኑታል፣ ባልየው በስንጥቋ ምግብ ያቀብላታል።»

እማማ አገሬ በሳቅ ፈነዱ። «እሷም የመርገም ጎጆ ገባች በያ! ባልዋም እንደኛ ባሎች ደጅ ቆሞ ያቀብላታል!»

ሴቶቹ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ኢንባል፣ አገር ቤት ሴት ወር አበባዋ ሲመጣ ለብቻዋ የምትቀመጥበትን ጎጆ አታውቅምና፣ ለምን እንደሚስቁ ባይገባትም አብራ ሳቀች። እውነት ለመናገር እኔም ድካሜን ረሳሁ፤ አገሬን ትቼ ከመጣሁ ይህን ያህል ወፍ በአንድ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ያልሳቀችው አበቡ ብቻ ናት። በሩ አጠገብ ቆማ፣ ቦርሳዋን ከክንድ ወደ ክንድ ስታዛውር ቆየችና ጮኸች።

«ሠርግ አደረጋችሁት እኮ! እኔ እዚህ ልጄን እየፈለግሁ ነው!»

ወንዶቹ ወደ ካርታቸው ተመለሱ።

ኢንባል ቀይ ደረት ያላትን አንዲት ወፍ አመጣች፤ ዝናብ ሲቃረብ ነው የምትጮኸው አለች። ሦስት ፉጨት። አበቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ድገሚያት» አለች። ተደገመላት። «ድገሚያት።» አበቡ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን በአየር ላይ አንሸራተተች፤ ሁልጊዜ ወፏን የምታሳየው እንዲህ ነው፣ መዳፏን ሁለቴ በረጅሙ፣ አንዴ ወደ ታች። ከዚያ እጇ ወደቀ።

«ትቀራረባለች፣ ግን አይደለችም። የዚች ሦስቱም እኩል ናቸው። የኔዋ መጨረሻዋ ይወድቃል።»

ስልኬ ጮኸ፣ ጊድዖን ነው። «ታዲያ? ሽንፋ ወይስ ጓንግ?»

«ትንሽ ታገሠን።»

«ፀሐይዋን እያየሃት ነው፣ ውቤ? ቢሮው ሊዘጋ ነው።»

ዘጋሁትና ወደ አበቡ ዞርሁ። «እቴ፣ ይች ወፍ የወንዝ ዳር ናት ተብሏል። ሽንፋ በይና እንገላገል። ትቀራረባለች አላልሽም?»

አስተያየቷን ባያችሁት። «የልጄን መቃብር በመቀራረብ ልያዘው?» አለችኝ።

ኢንባል እየፈራች ጠጋ አለቻት። «ሳቭታ፣ አንቺ አሰሚኝ። በእጅሽ ብቻ ነው የምታሳይኝ። አንዴ አፏጪልኝ፣ ማሕሼቩ ራሱ ይፈልጋታል።»

እማማ አገሬ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ኢንባል እዚህ ተወልዳ ነው፣ አታውቅም። በኛ አገር ሴት ልጅ አታፏጭም፣ ነውር ነው፤ ያፏጨች ልጃገረድ ጋኔን ጠራች ተብላ ትገረፋለች። አበቡ ያችን ወፍ ለባሏ እንኳ በመዳፏ ነው ያሳየችው። ይሄ ሁሉ ዓመት ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ነው፣ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

አበቡ ነጠላዋን አጣፋችና ወጣች። ተቆጥታ ትታን መሄዷ ነው ብዬ እየተጣደፍሁ ተከተልኋት። ከሚክላቱ ፊት ለፊት፣ በሁለቱ ትልልቅ የፊኩስ ዛፎች መካከል፣ መንገዱ ዳር ቆማ ከንፈሯን ስታርስ ደረስሁባት።

«እቴ፣ ምን ልታደርጊ ነው? ሰው ያያል እኮ!»

«ይይ!»

የመጀመሪያው ነፋስ ብቻ ሆነ። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ቀስ ብላ ስታልፍ ዓይኗን ጣለችብን፤ እኔ መሬቱን አየሁ። አበቡ ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገችና እንደገና ሞከረች። አንድ ረጅም፣ ሌላ ረጅም፣ ከዚያ ወደ ታች የምትወርድ አጭር።

አላስታውስም ያልሁት እኔ፣ ያ የአህያ ጭራ መዳፌ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

ሳንተነፍስ ከወደኋላችን መልስ መጣ። ያው ራሱ፣ ሁለት ረጅም አንድ አጭር፣ ጥርት ብሎ። ኢንባል ስልኳን ወደ ፊኩሱ ቅርንጫፍ አንሥታ ከሚክላቱ በሩጫ ወጣች። «እዚህ አለች! ዶድ ውቤ፣ አጎቴ፣ አትነቃነቅ! ስደተኛ ትሆናለች፣ ከአፍሪካ የመጣች!» እያለች በዛፉ ሥር ትዞራለች። እኔ ግን ወደ ግንቡ ዞሬ ነበር። ወንዳለ ተነሥቶ ቆሟል። ሁለት ጣቶቹ ገና ከከንፈሩ አልወረዱም።

«እመቤቴ» አለ፤ «ይህን ማን አስተማረዎ?»

«ወፍ» አለች አበቡ። «ቆላ ውስጥ፣ ልጄ በተቀበረች ጠዋት።»

ሰውየው እጁን ግንቡ ላይ አሳረፈ። «ወፍ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ኢንባል ስልኳን ቀስ ብላ አወረደች።

«ቄስ ዘንድ ተማሪ ነበርሁ፣ ጸሎቱን አውቃለሁ ብዬ ነው የቀረሁት» አለ ወንዳለ። ከኛ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቆ፣ መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚናገረው። «ጉዞውን የሚመሩት ሽማግሌ ‹እንዳትጮህ፣ ሲያልቅ አፏጭልን፣ መቀበሯን ሰምተን እንድንሄድ› አሉኝ። ሁለት ረጅም አንድ አጭር ተባባልን። ቀበርኋት፣ አፏጨሁ። ከዚያ ሬሳ የነካሁ ነኝና ልቀላቀላችሁ አልቻልሁም። ከሩቅ ዱካችሁን እያየሁ ተከተልሁ። ድንበሩ ላይ ጠፋችሁብኝ። እኔ ወደ ሌላ የስደተኛ ሰፈር ተወሰድሁ።»

አበቡ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ድምፅ ወጣት። «ወፍ ናት ብላኝ! አማቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ወፍ ናት ሂጂ ብላኝ! እንዳልመለስ ብላ ነው እኮ። ያን ሁሉ ዘመን ወፍ ሳሳድድ!» ከዚያ በድንገት ወደ ሰውየው ዞረች። «ታዲያ የት ነው? ሽንፋ ነው ጓንግ? ነገ እሄዳለሁ፣ ዛፉን ይንገሩኝ!»

ወንዳለ ፊቱ ጠቆረ። «ሽንፋ ነው። ከወንዙ ከፍ ብሎ ባምባ ነበር፣ እሱ ሥር። ግን እቴ፣ እኔ ሄጄ ነበር። ጡረታ እንደወጣሁ ሄድሁ። ባምባው የለም፣ ሽመሉ የለም፣ ደኑ የለም። ዓይን እስከሚደርስ ሰሊጥ ነው። ትራክተር ወዲያና ወዲህ ይላል። የትኛው ትልም ላይ ልቁም? እንባዬን ጠርጌ ተመለስሁ።»

«አፈሯን ብቻ» አለች አበቡ።

«አፈሩ ተገላብጧል፣ እቴ። አልዋሽዎትም።»

ክንዷን ያዝሁ። አስለቀቀችኝ። ወዲያ ተራመደች፣ ወዲህ ተመለሰች፣ ፊኩሱን በመዳፏ መታችው። ደኑ ቢኖር ጭቃውን በጥፍሬ ጭሬ አመጣላት ነበር፤ የሌለን ደን ምን አደርገዋለሁ? አውቶቡስ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ጠብቆን ሄደ።

ወንዳለ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስሟን ማን ነበር ያላችኋት? ያን ዕለት የምጠይቀው ሰው አልነበረም።»

አበቡ ቆመች። «ስም የላትም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ፣ እናቲቱ ከአራስ ጎጆ ስትወጣ ነው የምትሰየም። አልሞላትም ነበር።»

ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ «ልጄ» ስትል ስሟን መጥራት ከብዷት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ማን ትባል ነበር ብዬ አልጠየቅኋትም።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ ወንዳለ። «በጣም ትንሽ ነበረች። ጋቢዬን ቀድጄ ጠቀለልኋት፣ ፊቷን ወደ ኢየሩሳሌም አዞርሁ። ጸሎቱን ስጀምር ስም ጠየቀኝ፣ የእገሊትን ነፍስ ይላል እኮ። እገሊት ማን? እንዲሁ ለአፈር ልሰጣት አልቻልሁም።» እጁን አሻሸ። «ቅር እንዳይልዎ። የእናቴን ስም ሰጠኋት። እናቴ እግሯ አልሄድ ብሏት አገር ቤት ትቻት ነበር የወጣሁ፤ ኋላም አላገኘኋትም። ባንቺአየሁ አልኋት። እዚህ ከገባሁ ወዲህ የመንገዱ ሙታን ሲታሰቡ፣ ለእናቴ አንዴ፣ ለሷ አንዴ፣ ባንቺአየሁ እላለሁ።»

አበቡ ከንፈሯን አላቀቀች። «ባንቺአየሁ» አለች በሹክሹክታ። ድምፅ አውጥታ ደገመችው፣ በሦስተኛው ጮኻ ጠራችው። የፊት ለፊቱ ፎቅ ሚርፔሴት፣ ሰገነቱ ላይ፣ ልብስ የምታሰጣ ሴት እጇን አቁማ አየቻት። አበቡ ግድም አልሰጣት።

ከዚያ ወደ ሰውየው ተራመደች። ወንዳለ ጀርባው ግንቡን እስኪነካ አፈገፈገ። «አይቅረቡኝ!» አለ።

«ምነው ጋሼ? ሰባቱ ቀን እኮ ካለፈ ቆየ።»

«እርስዎን ቄሱ ረጭተውዎታል። እኔን በሦስተኛውም በሰባተኛውም ቀን የረጨኝ ሰው የለም። ብቻዬን ነበርሁ። እዚህ መጥቼስ ለማን እነግራለሁ? ማን ይገባዋል?»

ከሐይፋ እስከ አሽዶድ፣ ግንብ ለግንብ፣ ሰው እንዳይነካ እግሩን እየሰበሰበ የኖረው ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ ኩሩ ሰው ነው ብዬ በሆዴ አምቼው ነበር።

አበቡ ከኢንባል ቦርሳ የውኃውን ጠርሙስ መዘዘች። ክዳኑን በጥርሷ ፈታችው፣ መዳፏ ላይ ገለበጠችና ፊቱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ እጁ ላይ ረጨችው። ወይ ጉድ! ሴት ስትረጭ፣ ያውም ያለ አመድ፣ ያለ ቄስ፣ የሱቅ ውኃ! ቄሶቻችን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? እኔ እንደሆንሁ አልከለከልኋትም። ውኃው በጢሙ ሲወርድ ወንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን ቆመላት። ጠርሙሱ ሲያልቅ ሁለት እጆቹን ያዘች።

«በነዚህ ነው?»

«በነዚህ ነው፣ እቴ።»

ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው፣ አንዱንም ሌላውንም። እሱ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ኢንባል ፊቷን ግንቡ ላይ ደፍታ ታለቅሳለች። እኔ ኮንቴይነር የማነሣው ሰውዬ እንደ ጨው ሟሟሁ።

አበቡ እጆቹን ሳትለቅ ቀና አለች። «ኢንባል፣ የአያትሽን ድንጋይ የቀረጸው ሰውዬ ሱቁን ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋ?»

«ዛሬ? ማታ በአሥራ ሁለት ይመስለኛል፣ ሳቭታ።»

«እንግዲያ ምን ያቆማችኋል? ባንቺአየሁ ከአባቷ ስም ሥር ትጻፋለች። ጋሼ ወንዳለም ይመጣሉ። ስሙን እሳቸው ናቸው የሚነግሩት፣ እኔ እንዳላበላሽ።» ይህን ብላ ሰውየውን በእጁ እየሳበች ወደ ታኻናው፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ ገሰገሰች። ወንዳለ ውኃው ከጉንጩ ሳይደርቅ ይከተላታል።

ስልኬ ጮኸ። ጊድዖን ተቆጥቷል። «ውቤ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ሽንፋ ወይስ ጓንግ?»

«ሁለቱንም ተወው» አልሁት። «የባንቺአየሁ እናት አትሄድም።»

«ማን? እንዲህ የምትባል ሴት አላውቅም።»

«እኅቴ ናት» አልሁት።